አንድ የትምህርት ሴሚስተር በውጭ አገር ዋና ከተማ፦ በበርሊን ለመማር ለሚያቅዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀረበ መረጃ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በአገር ውስጥ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ተመዝግበው በመማር ላይ የሚገኙና በልውውጥ ፕሮግራም አማካይነት አንድ ሴሚስተር በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን ለመማር የሚፈልጉ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው፣ ከማመልከቻ ጀምሮ ውጤት እስከ ማስመዝገብ ያለውን ሂደት በቅደም ተከተል እንዲረዱ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

የአንድ ሴሚስተር ቆይታ አጭር በመሆኑ ለስህተት የሚተርፍ ጊዜ የለውም። የቪዛ ቀጠሮው አንድ ወር ቢዘገይ ትምህርቱ ተጀምሮ ይገኛል፤ የፈተና ምዝገባ ቢያልፍ ሴሚስተሩ ያለ ውጤት ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ተማሪው ፈተናውን አልፎ ከተመለሰ በኋላ የወሰዳቸው ኮርሶች በላኪው ዩኒቨርሲቲ ሳይያዙለት ቀርተው የምረቃ ጊዜው ሲራዘም ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ጥንቃቄዎች ይህንን ለማስቀረት የሚረዱ ናቸው።

1. የልውውጥ ቆይታ ምንድን ነው?

የልውውጥ ተማሪ በላኪው ዩኒቨርሲቲ ምዝገባው ሳይቋረጥ ለተወሰነ ጊዜ በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነው። ዲግሪውን የሚሰጠው ላኪው ተቋም ሲሆን፣ ተቀባዩ ተቋም የሚሰጠው የወሰዳቸውን ኮርሶች ውጤት የሚያሳይ ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የአንድ ሴሚስተር ልውውጥ በውጭ አገር ሙሉ ዲግሪ ለሚያጠናቅቁ ሰዎች የሚሰጠውን የአቻ ግምት አይጠይቅም፤ ጉዳዩ የሚያልቀው በተማሪው ትምህርት ክፍልና በሬጅስትራሩ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው ኢራስመስ ፕላስ ከሚታወቁት የልውውጥ መንገዶች አንዱ ነው። ፕሮግራሙ ኢራስመስ በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን ለትምህርት የሚደረግ ቆይታን ከ2 እስከ 12 ወር ድረስ ይደግፋል። ለሴሚስተር ልውውጥ ተማሪው በግሉ ለአውሮፓ ኅብረት አያመለክትም። ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ አስቀድመው የተፈራረሙት ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ ተማሪውም የሚመረጠውና የሚላከው በዚሁ ስምምነት መሠረት በራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት ነው። የልውውጥ ቦታ በገንዘብ አይሸጥም። «ቦታ አስይዛለሁ» በማለት ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ መክፈል አይገባም።

በበርሊን ከሚገኙት ትላልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1810 ሥራ የጀመረው ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1946 በአሁኑ ስያሜው የተከፈተው የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በ1948 የተመሠረተው የበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። ከተማዋ ለኢትዮጵያ ጥናት ተማሪዎችም የቆየ ትርጉም አላት። የግዕዝ ሊቅ የነበሩት አውጉስት ዲልማን ከ1869 ጀምሮ በበርሊን ያስተማሩ ሲሆን፣ በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ዝርዝርም በ1878 አሳትመዋል።

2. የጊዜ ሰሌዳ

በጀርመን የትምህርት ዓመቱ በሁለት ሴሚስተሮች ይከፈላል።

የክረምት ሴሚስተር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 (መስከረም 21 አካባቢ) እስከ ማርች 31 ያለው ነው። የክፍል ትምህርት ከጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ እስከ የካቲት የመጀመሪያ ሳምንታት ይሰጣል። በአገራችን ክረምት የሚባለው የዝናብ ወቅት በመሆኑ ስያሜው እንዳያደናግር መጠንቀቅ ይገባል፤ በዚያ የክረምት ሴሚስተር ማለት የብርዱ ወራት ሴሚስተር ነው።

የበጋ ሴሚስተር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 (መጋቢት 23) እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው ነው። የክፍል ትምህርት ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘልቃል።

ፈተና የሚሰጠው በክፍል ትምህርቱ ማብቂያና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በክረምት ሴሚስተር የሚሄድ ተማሪ ፈተናውን ሳያጠናቅቅ በአገር ውስጥ የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ዘግይቶ የመመዝገብ ፈቃድ ከመጓዙ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል።

3. የትምህርት ስምምነት ሰነድ

በኢራስመስ ፕላስ ልውውጥ ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት ሰነድ አለ። ሰነዱ በበርሊን የሚወሰዱት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑና በላኪው ዩኒቨርሲቲ በየትኞቹ ኮርሶች ምትክ እንደሚያዙ ያስቀምጣል። በሌላ ስምምነት የሚጓዝ ተማሪም ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሰነድ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንዲፈረምለት ማድረግ አለበት። የቃል ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቀራል።

ሰነዱ ሲዘጋጅ ሦስት ነጥቦች ይታዩ።

የክሬዲት መጠን፦ በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ጫና 30 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል፤ ይህም የክፍል ትምህርትን፣ ንባብን፣ የጽሑፍ ሥራንና ፈተናን ያጠቃልላል። በአገር ውስጥ ከሚሠራበት የክሬዲት ሰዓት ጋር ቁጥር ለቁጥር ስለማይመሳሰል፣ ስሌቱ ከጉዞ በፊት በስምምነት መወሰን አለበት።

የውጤት አሰጣጥ፦ በጀርመን 1.0 ከፍተኛው ውጤት ሲሆን 4.0 ዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት ነው፤ 5.0 መውደቅን ያመለክታል። በአገራችን ደግሞ 4.0 የመጨረሻው ከፍተኛ ነጥብ ነው። የመቀየሪያ ሠንጠረዡ ካልታወቀ እጅግ ጥሩ የሆነው 1.3 እንደ ደካማ ውጤት ሊመዘገብ ይችላል። በመሆኑም የሚሠራበት ሠንጠረዥ ከሰነዱ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ።

የኮርስ ለውጥ፦ በስምምነቱ የተያዘ ኮርስ በዚያ ሴሚስተር ላይሰጥ ወይም ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ተማሪው ሌላ ኮርስ ሲተካ ለውጡ ወዲያውኑ በሦስቱም ወገኖች ሊፈረም ይገባል። ከተመለሱ በኋላ የሚቀርብ ማብራሪያ የፊርማን ያህል ዋጋ አይኖረውም።

ከዚህ ጋር ተማሪው በልውውጥ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ መውሰድና ቅጂውን በትምህርት ክፍሉ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ደብዳቤ የሌለው ተማሪ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ሊቆጠር ይችላል። የወጪ መጋራት ውል የፈረመ ተማሪም ለዚያ ሴሚስተር የመኝታና የምግብ ወጪ እንዴት እንደሚያዝ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

4. የማስተማሪያ ቋንቋ

በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በጀርመንኛ ሲሆን፣ በማስተርስ ደረጃ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ይበዛሉ። አመልካቹ ኮርስ ሲመርጥ የማስተማሪያ ቋንቋውንና የሚጠየቀውን የብቃት ደረጃ ማረጋገጥ አለበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም በመሥሪያ ቤትና በገበያ የሚያግባባ መሠረታዊ ጀርመንኛ ይጠቅማል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት የቋንቋ ትምህርትና ፈተና ይሰጣል።

5. ፓስፖርትና የግል ሰነዶች

ፓስፖርት የሚሰጠው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ፓስፖርት የሌለው ወይም ጊዜው ሊያበቃ የተቃረበ አመልካች የተቀባይነት ደብዳቤውን ሳይጠብቅ ማመልከት ይኖርበታል።

በሰነዶች መካከል የሚታዩ ልዩነቶች ከቀጠሮው ቀን በፊት መስተካከል አለባቸው። በተለይ የሚከተሉት ይታዩ።

የስም አጻጻፍ፦ አንድ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል። በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ መነሻው የፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው።

የቤተሰብ ስም፦ የጀርመን ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያዊ ግን የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። አመልካቹ በፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈውን በሁሉም ቅጾች ላይ ሳይለዋውጥ መጠቀም አለበት። በዩኒቨርሲቲ በአባት ስም፣ በኢንሹራንስ በአያት ስም የተመዘገበ ተማሪ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል።

የትውልድ ቀን፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ወደ አውሮፓውያን ሲቀየር የሚፈጠር የቀን ወይም የዓመት ልዩነት ማንነትን ያጠራጥራል። ልዩነት ካለ ሰነዱን የሰጠው አካል እንዲያርመው ይጠየቃል።

በአማርኛ የተዘጋጁ ሰነዶች ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተረጎማሉ። የተረጋገጠ ሰነድ ከተጠየቀ ማረጋገጫው ሰነዱን ከሰጠው ተቋም ተጀምሮ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለሚደርስ በቂ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

6. ቪዛና የገንዘብ ማረጋገጫ

ከ90 ቀናት ለሚበልጥ ቆይታ የሚያስፈልገው ብሔራዊ ቪዛ ሲሆን፣ ማመልከቻው በአዲስ አበባ ለሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ይቀርባል። በአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ገብቶ ለሴሚስተር መቆየት አይቻልም። ቀጠሮ ለማግኘትም ሆነ ውሳኔ ለመስማት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ አመልካቹ የተቀባይነት ደብዳቤውን ባገኘ ዕለት ቀጠሮ ማስያዝ ይኖርበታል። ቀጠሮ ለማስያዝ ክፍያ የለም። የአዋቂ ሰው ብሔራዊ ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ሲሆን፣ ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰጥ የትምህርት ዕድል የሚጓዙ ተማሪዎች ከክፍያው ነፃ ሊሆኑ ስለሚችሉ የዕድሉን ደብዳቤ ማቅረብ ይገባቸዋል።

አመልካቹ የሚተዳደርበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው መጠን በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በዚህ ስሌት የ6 ወር ቆይታ 5,952 ዩሮ ይሆናል። ማስረጃው ከሚከተሉት በአንዱ ሊቀርብ ይችላል።

- የወርኃዊ ድጋፉን መጠንና ጊዜ የሚገልጽ የትምህርት ዕድል ደብዳቤ፤
- በጀርመን የሚኖር ሰው በዚያ አገር ባለሥልጣን ፊት የሚፈርመው የወጪ መሸፈኛ ግዴታ፤
- በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ ወጪ የሚደረግበት ዝግ የባንክ ሒሳብ፣ በጀርመንኛ ሽፔርኮንቶ።

የሽፔርኮንቶ ገንዘብ የሚላከው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ተማሪው ወይም ቤተሰቡ የተቀባይነት ደብዳቤውን ይዞ አስቀድሞ ከባንክ ጋር መነጋገር አለበት። በትይዩ ገበያ የሚደረግ ዝውውር ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ለኤምባሲው የሚቀርብ የባንክ ማስረጃ አይኖረውም።

በልውውጥ ስምምነት የሚጓዝ ተማሪ በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ሆኖም ለተማሪዎች አገልግሎትና ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚውል የሴሚስተር መዋጮ ሊኖር ስለሚችል፣ መጠኑን ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል።

7. ከመነሳት በፊት

ተማሪው በሌለበት ጊዜ ጉዳዩን የሚከታተልለት ሰው ካስፈለገው፣ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት አስመዝግቦ መስጠት ይችላል። ለአጭር ቆይታ ጠቅላላ ውክልና መስጠት አስፈላጊ አይደለም፤ ለተወሰነ ጉዳይ የሚሰጥ ልዩ ውክልና የተሻለ ጥበቃ አለው።

ወላጆች ለልጆቻቸው ስንቅ ሲያዘጋጁ የሚከተለውን ይወቁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ በአውሮፕላን ማረፊያ ይወረሳሉ፤ በቅቤ የታሸ ምግብም ከዚሁ አይለይም። ጫት በጀርመን በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይዞ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል። የሌላ ሰው ዕቃ ያለበትን ሻንጣ «ለዘመድ አድርስልኝ» ተብሎ መቀበልም አይገባም። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ተጓዥ ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት።

8. በርሊን ከደረሱ በኋላ

መኖሪያ ቤት፦ በበርሊን ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለተማሪዎች መኖሪያ የሚያመለክተው የተቀባይነት ደብዳቤው እንደደረሰ ነው። ቤቱን ወይም ውሉን ሳያዩ በኢንተርኔት ለተዋወቁት «አከራይ» ቅድሚያ ገንዘብ መላክ ለማጭበርበር ያጋልጣል።

የነዋሪነት ምዝገባ፦ ወደ መኖሪያው ከገቡ በ2 ሳምንት ውስጥ ቢዩርገርአምት በሚባለው የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው። ለምዝገባው አከራዩ የሚፈርመው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ምዝገባ የማይፈቅድ አከራይ ቤቱ ርካሽ ቢሆንም ለተማሪው አይጠቅምም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘትና የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ምዝገባው ይጠየቃልና።

የጤና ኢንሹራንስ፦ ያለ ኢንሹራንስ በዩኒቨርሲቲ መመዝገብ አይቻልም። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ተማሪዎች በሕዝባዊው ኢንሹራንስ በተማሪ ክፍያ ይታቀፋሉ። የጉዞ ኢንሹራንስ የሚያገለግለው በአብዛኛው እስከ ምዝገባው ድረስ ብቻ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ፦ ቪዛው ሙሉውን ቆይታ የማይሸፍን ከሆነ፣ ከማብቃቱ በፊት ለከተማዋ የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

የብሮድካስት ክፍያ፦ ከምዝገባው በኋላ በወር 18.36 ዩሮ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይደርሳል። ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤት የሚታሰብ በመሆኑ በጋራ የሚኖሩ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላሉ። ደብዳቤውን ችላ ማለት ዕዳ ያስከትላል።

ሰዓትና ወቅት፦ በርሊን በብርዱ ወራት ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት፣ በበጋው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የቀጠሮ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በቀጠሮ ወረቀት ላይ 9 የተባለው እንደ እኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ከ8 ሰዓት ያነሰ ነው። ጨለማውና ብቸኝነቱ የሚከብዳቸው ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲዎቹን የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት እንዲጠቀሙ ይመከራል፤ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ጉዳይ አይደለም።

9. ትምህርት፣ ፈተናና ሥራ

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍል ሳያጓድል የተማረ ሰው ለፈተና ካልተመዘገበ ላይፈተን ይችላል። የእያንዳንዱ ኮርስ የፈተና ምዝገባ የመጨረሻ ቀን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጠይቆ ይታወቅ። የድጋሚ ፈተና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ፣ የመመለሻ ትኬት ፈተናው በሚጠናቀቅበት ማግስት መቁረጥ ዕድሉን ሊያሳጣ ይችላል።

ከማርች 2024 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ተማሪዎች በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠሩ ይፈቀዳል። ተማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቪዛው ወይም በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። የሴሚስተሩን ወጪ በሥራ እሸፍናለሁ ብሎ መነሳት ግን አይመከርም፤ ሥራ እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ ከሴሚስተሩ ላይ የሚቀነስ ነው።

10. ችግር ሲያጋጥም

በጀርመን የፖሊስ የአደጋ ጥሪ 110፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ጥሪ 112 ነው፤ ጥሪው ነፃ ነው። ፓስፖርት የጠፋበት ተማሪ ለፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ ከወሰደ በኋላ በበርሊን ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይቀርባል። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የትምህርት ስምምነቱን ቅጂ ለቤተሰብ መተው በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። ተማሪው እንደደረሰ አድራሻውን ለኤምባሲው ቢያሳውቅ በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለማግኘት ይቀለዋል።

11. ከመመለስ በፊትና በኋላ

ተማሪው ከበርሊን ከመነሳቱ በፊት የነዋሪነት ምዝገባውን ያሰርዛል፤ ይህም ቤቱን ከመልቀቁ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ከለቀቀ በኋላ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ሊፈጸም ይችላል። በስረዛው ማስረጃ ኢንሹራንሱንና የብሮድካስት ክፍያውን ያቋርጣል። ከዩኒቨርሲቲው የቆይታ ማረጋገጫውን አስፈርሞ ይወስዳል፤ ካልተገለጸ ውጤት ጋር የሚመለስ ከሆነ ትራንስክሪፕቱ በማን በኩል እንደሚላክ ያረጋግጣል።

በኢራስመስ ፕላስ አሠራር ተቀባዩ ተቋም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በ5 ሳምንት ውስጥ ትራንስክሪፕቱን መላክ ይጠበቅበታል። ተማሪው ትራንስክሪፕቱን ከተፈረመው የትምህርት ስምምነት፣ ከለውጦቹና ከመቀየሪያ ሠንጠረዡ ጋር አያይዞ ለትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ ያቀርባል፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር እንዲሰጠው ያደርጋል። ውጤቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ መስፈሩን በዓይኑ ሳያይ ጉዳዩ አልቋል ብሎ መተው አይገባውም።

ማጠቃለያ ዝርዝር

ከጉዞ በፊት የሚከተሉት መሟላታቸው ይረጋገጥ።

- በሦስቱም ወገኖች የተፈረመ የትምህርት ስምምነትና የውጤት መቀየሪያ ሠንጠረዥ፤
- ተማሪው በልውውጥ ላይ መሆኑን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ፤
- ስምና የትውልድ ቀን የተመሳሰለባቸው ፓስፖርትና ሰነዶች፤
- ብሔራዊ ቪዛ፣ የገንዘብ ማስረጃና ኢንሹራንስ፤
- ምዝገባ የሚፈቀድበት የመኖሪያ ቤት ውል፤
- ከቤተሰብ ዘንድ የተቀመጠ የሰነዶች ቅጂ።

የክፍያ መጠኖችና የቪዛ መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ አመልካቾች በሚያመለክቱበት ጊዜ የሚሠራበትን መመሪያ ከኤምባሲውና ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።